ዳር ያዝ!

ትናንት ሌሊት ይበልጣል የሚባል ሹፌር የማይታለም አለመ። አስቀድማችሁ ለደግ ያድርገው በሉልኝ፤ ሕልም እንዲሁ ተዘርግፎ አይነገርም። ደግ ይሁን ክፉ እሱ ራሱ እስካሁን አልለየለትም። እኔ ግን ከእራቱ ልጀምርላችሁ፤ ሕልሙ የመጣው ከዚያው ከእራቱ ነውና።

ይበልጣል ባሕር ዳር ውስጥ ሚኒባስ ታክሲ ይነዳል። ባሕር ዳር ደግሞ ታውቋት የለ፣ ብስክሌት እንደ ልብ ነው። ተማሪው በብስክሌት፣ ግንበኛው በብስክሌት፣ ዶሮ ገዝቶ የሚመለሰውም ዶሮዋን መሪው ላይ አንጠልጥሎ በብስክሌት። ይበልጣል እነዚህን ሰዎች አይወዳቸውም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክል፣ ጎረቤት ምጥ ሲይዛት ከሞቀ እንቅልፉ ተነሥቶ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው ነው። መሪ ሲጨብጥ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ምን ይደረግ፣ ብዙዎቹ እንዲያ ናቸው።

ሚኒባሱ ላይ የከባድ መኪና ጥሩምባ አስገጥሟል። ከብስክሌተኛው ኋላ ቀስ ብሎ ይጠጋ ይጠጋና፣ ድንገት "ጷጷጷጷ!" ያደርገዋል። ሰውየው ከኮርቻው ብድግ ሲል ተሳፋሪው ይስቃል፤ ረዳቱ እንየው በደስታ በሩን ይደበድባል። ይበልጣልም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "አንተ ነዳጅ የለሽ! ዳር ያዝ!" ይልና ያልፋል። ጨዋታው ይኸው ነው።

ትናንት በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ የደረሰባቸው መምህር አስማረ ነበሩ። መምህር አስማረ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጃንጥላቸውን መሪው ላይ አስረው፣ ማንንም ሳይነኩ ቀስ እያሉ የሚሄዱ ሽማግሌ። ጥሩምባው ሲጮኽ ብስክሌቷ ተንገዳገደች፣ ጋቢው ከትከሻቸው ተንሸራቶ ጎማው ውስጥ ተጠመጠመ፣ እሳቸውም በአንድ እግራቸው እንጣጥ እንጣጥ ብለው እንደ ምንም ቆሙ። አልተሳደቡም። ቀና ብለው አዩትና፣ ጋቢያቸውን ከጎማው መፍታት ጀመሩ።

ይበልጣል ይኼንን እራት ላይ እየሳቀ አወራው። ሚስቱ ታንጉት ለይሉኝታ ያህል ፈገግ አለች። ልጁ ሰርካዲስ ግን የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ ነገ ሥራ እጀምራለሁ አይደል?"

"እንዴታ! የኔ ባለ ነጭ ጋወን!" ልጁ ላቦራቶሪ ተምራ ተመርቃለች፤ ይኼን ለማን ያላወራው አለ? ተሳፋሪው ሁሉ ያውቀዋል።

"ክሊኒኩ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው።"

"ማዶ ቢሆንስ?"

"ብስክሌት ገዝቻለሁ። ጓሮ ናት። እማዬ አይታታለች።"

ይበልጣል እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ። "እኔ ቆሜ እየሄድኩ? አይሆንም!"

"ለምን?"

"ሹፌር ነኛ! ሹፌርን አውቀዋለሁ! ጠዋት ጠዋት ያ ድልድይ ምን እንደሚመስል አንቺ አታውቂም። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ... ያጠፉሻል፣ ልጄ!"

"እነማን ናቸው የሚያጠፉኝ?" አለች ሰርካዲስ፣ ቀስ ብላ። "የመምህር አስማረን ጋቢ ያስወለቁት ናቸው?"

ይበልጣል መልስ ሲያጣ ደግሞ ይቆጣል። "ታንጉት፣ ያችን ብስክሌት ነገ ከቤቴ ታስወጪልኛለሽ!" አለና ሳይጨርስ ተነሥቶ ተኛ። ተናዳችሁ የተኛችሁ ቀን ታውቁታላችሁ፤ እንቅልፉ ይወስዳል እንጂ አያሳርፍም።

በሕልሙ ነግቶ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲወጣ ሚኒባሱ ከቆመበት የለም። "ሌባ!" ሊል አፉን ሲከፍት፣ ከአጥሩ ሥር በገመድ ታስሮ ሣር ሲግጥ አየው። ቁመቱ ጥጃ አክሏል። ኮፈኑን ዳሰስ ቢያደርገው ትኩስ ነው። ታንጉት ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ዛሬ አልታለበም እኮ" አለችው። "ማታ አልበዋለሁ" አላት። ሕልም ነውና ምንም አልገረመውም።

"ይልቅ ልጅቷን አድርሳት፣ ሥራ ይረፍድባታል።"

ሰርካዲስ መጣች። የትናንቷ ሰርካዲስ ግን አልነበረችም፤ የሰባት ዓመቷ ነበረች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ጸጉሯ ለሁለት ተጎንጉኗል፣ ነጩ ጋወን መሬት ለመሬት ይጎተታል። እንደ ድሮው ጋቢና ዘላ ገብታ እግሯን አወዛወዘች። ይበልጣል ልቡ ስፍስፍ አለ። ያቺን ልጅ ካያት ስንት ዘመኑ!

"አባዬ፣ ክሊኒኩ ይዘጋል። ከድልድዩ ማዶ ነው። መንገዱን ታውቀዋለህ?"

"እኔ? ባሕር ዳርን?"

ገብቶ ሲቀመጥ ሚኒባሱ ወለል የለውም። እግሩ መሬት ነካ። ማርሽ ሊያስገባ ቢል የያዘው ማማሰያ ነው።

"አማስለውና ሩጥ እንጂ" አለችው ሰርካዲስ።

አማሰለ፣ ሮጠም። ሚኒባሱ ተነቃነቀ።

ታክሲ ተራው ጋ ሲደርሱ ሹፌሮች ተሰልፈዋል። ሰልፉ ገበያውን ዞሮ ተመልሶ ይመጣል። ከሁሉም ፊት አንዲት ሴትዮ ብቻቸውን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ በከተማው ያሉት ተሳፋሪ እሳቸው ብቻ ናቸው። "አንድ መኪና የጎደለው! አንድ መኪና!" እያሉ ይጣራሉ። ሹፌሮቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "እኔን ይሳፈሩኝ እማማ! እኔን!" ይላሉ። ሴትዮዋ ጎማውን በእግራቸው መታ መታ ያደርጉና፣ "ይኼ ያንገጫግጫል"፣ "ይኼ ዘፈን ያበዛል"፣ "ይኼስ አፉ አያምረኝም" እያሉ ያባርሯቸዋል።

ረዳቱ እንየው ከሰልፉ ዳር ቆሞ ያለቅሳል። በእጁ የበር እጀታ ይዟል፤ በሩ ግን የለም።

"እንየው፣ ምን ሆነሃል?"

"በሩ አመለጠኝ፣ ይቤ።"

"ወዴት?"

"ሊያገባ ነው መሰለኝ። ከረባት ሲያስር አይቼው ነበር።"

"እንግዲህ ደስ ይበለው" አለ ይበልጣል፣ እንየውን ከኋላ ጫነውና መሮጡን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ እንየውን አላየውም፤ በሕልም ረዳት እንዲሁ ይጠፋል።

ዋናው መንገድ ላይ ሲወጡ ነው ጉዱ የመጣው። ብስክሌቶቹ በቁመት ከመንገዱ ዘንባባዎች በልጠዋል! ጎማቸው ሲዞር ነፋሱ የሰፈሩን ጣሪያ ያንቋቋዋል። ባለቤቶቹ ከላይ፣ ከደመናው ጋር እኩል ተቀምጠው፣ ፔዳላቸውን እየረገጡ ስለ ሰው ሰርግ ያወራሉ። ወደ ታች የሚያይ የለም። አስፋልቱ በሙሉ የነሱ ነው። መኪኖች ከዳር፣ ከቦዩ ጠርዝ ላይ፣ አንዱ ያንዱን ጭራ ይዞ በፍርሃት ይሄዳሉ። ያ ሁሉ የጭነት መኪና፣ ያ ሰው ሲያስለቅስ የኖረ ሁሉ፣ ጥጉን ይዞ "እባካችሁ አሳልፉኝ" ይላል። አንድ የሲሚንቶ መኪናማ ጭራሽ ሱቅ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ "አልሄድም፣ እናቴን ጥሩልኝ" ብሎ ተቀምጧል።

ይበልጣልም ዳር ያዘ። ዘቅዝቆ ቦዩን እያየ፣ ማማሰያውን ጨብጦ ሮጠ። መጀመሪያ ከኋላው ምንም አልተሰማም። ከዚያ ጥላ መጣ። ከዚያም፣

"ቂልልልልልንግ!"

ደወሉ የቤተ ክርስቲያን ደወል ያህላል። ይበልጣል ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ጣሪያውን መታው። ሰርካዲስ ጮኸች። ከላይ፣ ከደመናው ውስጥ፣ ሳቅ ወረደባቸው።

"አንተ እግር የለሽ! ዳር ያዝ!"

"ዳር ይዣለሁ!" አለ ይበልጣል ወደ ላይ። "ዳር ይዣለሁ እኮ! ከዚህ ወዲያ ያለው ቦይ ነው!"

"መንገዱን አባትህ ነው የሠራው?"

ማን ሊሰማው! ይኼኔ ጥሩምባው ትዝ አለው። እሱ እያለማ ማን ይነካኛል ብሎ፣ በመዳፉ ሙሉ ተጫነው።

"ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩ..." አለ ጥሩምባው፣ በቀጭን ድምፅ።

ይበልጣል ደነገጠ። ደግሞ ተጫነው።

"ልጅ ይዘን ነው፣ በእመብርሃን" አለ ጥሩምባው።

ሰርካዲስ እጅጌው ሥር ተሸጎጠች። "አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚያስደነግጡን?"

"ለጨዋታ ነው፣ የኔ እናት።"

"እኛም እየተጫወትን ነው?"

ይበልጣል አዎ ሊላት ፈልጎ ተወው። አንድ እጁን ልኮ ትንሿን ጉልበቷን ያዘ።

አደባባዩ ላይ ትራፊክ ቆሟል። ትራፊኩ ጉማሬ ነው። ነጭ ኮፍያው ጭንቅላቱ ላይ ጉብ ብላለች፤ ፊሽካውን ሊነፋ ሲል ዋጠው መሰለኝ፣ ሆዱ ውስጥ ነው የሚጮኸው።

"ቁም! መንጃ ፈቃድ!"

ይበልጣል ሰጠው። ጉማሬው አገላብጦ አየውና ጎረሰው። "ጨው ይጎድለዋል" አለ። "ጥፋትህን ታውቀዋለህ?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ።"

"አራት ጎማ! ሁለት በሚበቃበት አገር አራት ምን ይሠራልሃል?"

"ሲሠራ ጀምሮ አብሮት የመጣ ነው፣ ጌታዬ።"

"እናንተ መቼም ሰበብ አታጡም።" ጉማሬው አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ሰርካዲስን አያት። ትንፋሹ ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። "ደግሞ ልጅ ይዘህ? በዚህ መንገድ? አባት ነህ አንተ? ለነፍስህ የምታስብ ብትሆን ኖሮ ከቤትህ ባልወጣህ!"

ይበልጣል ያቺን ነገር የሰማት መሰለው። የት እንደሰማት ግን አልመጣለትም። ለካ ልጅ ላፈናጠጠ ብስክሌተኛ ስንት ጊዜ እሱ ራሱ ብሏታል!

"ሥራ አለኝ" አለች ሰርካዲስ።

"አንቺ? ምን ትሠሪያለሽ?"

"ደም አያለሁ። ሰው ምን እንዳመመው ደሙን አይቼ እነግረዋለሁ።"

ጉማሬው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። "እኔም ሰሞኑን ይደክመኛል" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "በሉ እለፉ። ድልድዩ ላይ ግን አደራችሁን። እዚያ እኔም ብሆን አላድናችሁም።"

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ይበልጣል ቆመ። እስካሁን ዳር አለ፤ ጠባብም ቢሆን፣ ቦይ ቦዩን ቢሆንም፣ ዳር አለ። ድልድዩ ላይ ግን ዳር የለም። ዳሩ ዓባይ ነው። ውኃው ከታች ደፍርሶ ይፈስሳል፤ ከላይ ብስክሌቶቹ እየተጋፉ፣ እየደወሉ፣ እየሳቁ ይጋልባሉ።

"እንመለስ፣ ልጄ" አለ።

"ክሊኒኩ ይዘጋል፣ አባዬ። ቃል ገብተሃል።"

መቼ ቃል እንደገባ አያውቅም። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ቃል ገብተሃል ካለች ገብተሃል ነው። አማስሎ ገባ። ሁለቱ የግራ ጎማዎች ድልድዩ ላይ ናቸው፤ ሁለቱ የቀኝ ጎማዎች አየር ላይ ይሽከረከራሉ። ሰርካዲስ የተቀመጠችው በስተቀኝ ነው። ይበልጣል ይኼን አየ። ሁሉም ነገር ቢቀር፣ ሚኒባሱም ሥራውም ሄዶ ሄዶ ቢቀር፣ ይቺ ልጅ ማዶ ትድረስ። ሌላ ምኞት አልቀረውም።

ከኋላው ጥላ መጣ። ትልቅ ጥላ፤ ካሁን ቀደም ከመጡት ሁሉ የሚበልጥ። ይበልጣል ዐይኑን ጨፍኖ፣ ልጁን በክንዱ አቅፎ፣ ደወሉን ጠበቀ።

ደወሉ አልመጣም። ሳል መጣ። የሽማግሌ ሳል።

ዐይኑን ገልጦ በስፖኪዮው አየ። መምህር አስማረ ናቸው! ከሰማዩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ተነሥቶ እስከ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ጃንጥላቸው ሰፈር ያህላል። በጋቢው ጫፍ ላይ የጎማ ቅባት አለ። ይበልጣል ቅባቱን ሲያይ፣ "አለቀልን፤ የትናንቱን ሊከፍሉኝ ነው" አለ።

መምህር አስማረ ግን አላለፉትም። ብስክሌታቸውን ወደ መኻል አወጡ፣ ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ዘረጉት። መንገዱ ሞላ። ከኋላቸው ያለው ብስክሌት ሁሉ እየተንጋጋ መጥቶ ቆመ።

"ሽማግሌው፣ እለፉ እንጂ! ሥራ አለን!"

"አላልፍም!" አሉ መምህር አስማረ። ድምፃቸው ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩ ይመስላል። "ቀስ በሉ! ከፊት ልጅ አለች!"

ይበልጣል አንገቱን አወጣ። "መምህር! ይለፉኝ! እኔ እኮ ነኝ፣ አላወቁኝም እንዴ? የትናንቱ ነኝ!"

"አውቄሃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ልጅ ይዘሃል። ንዳ።"

ይበልጣል ነዳ። አየር ላይ የነበሩት ጎማዎች ድልድዩን ነኩ። ጋቢው ጥላ ሆነላቸው፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይደውላል፣ ይሳደባል፣ እሳቸው ግን ወይ ፍንክች! ይበልጣል ማልቀስ ጀመረ። በሕልሙ ብቻ አይደለም፤ በእውነቱም ትራሱ ርሶ ነበር፣ ታንጉት ነች የነገረችኝ።

የድልድዩ መኻል ሲደርሱ ሰርካዲስ ቀና አለች።

"ወራጅ አለ!"

"እዚህ አይወረድም፣ የኔ እናት። ድልድይ ነው።"

"ወራጅ አለ፣ አባዬ። ከዚህ ወዲያ በራሴ ነኝ።"

"ቁጭ በይ አልኩሽ!"

እሷ ግን ተነሣች። ስትነሣ አደገች፤ ጥርሶቿ በቀሉ፣ ጉንጉኗ ተፈታ፣ ሲጎተት የነበረው ጋወን ልክ ሆናት። በሩም ከሰርጉ ተመልሶ፣ ከረባቱን እንዳሰረ፣ በትሕትና ራሱን ከፈተላት። ወረደች። ከሚኒባሱ አንድ የፊት ጎማ፣ አንድ የኋላ ጎማ አወጣች።

"መሪውን አንድ ጊዜ ስጠኝማ፣ አባዬ።"

ይበልጣል አልሰጥም ብሎ ጨበጠ። መሪው ግን ከእጁ ወጣ፤ ልጅ ካደገ በኋላ ምን ይያዛል? ብስክሌት አድርጋ ገጣጠመችው፣ ተቀመጠችበትና ሄደች። "ፍሬን!" አለ ይበልጣል፤ ፍሬኑ የራሱ እግር ነው፣ እግሩ ደግሞ መቆም እንቢ አለው። ነጩ ጋወን እየራቀ እየራቀ ሄደ።

"ሰርካዲስ!"

ነቃ።

"ሄዳለች" አለችው ታንጉት፣ በሩ ላይ ቆማ። "አሁን ነው የወጣችው። አትቀስቅሺው አለችኝ።"

ጓሮ ሮጠ። ብስክሌቷ የለችም። ሸሚዙን ገልብጦ ለበሰ፣ የታንጉትን ነጠላ ጫማ አጠለቀ፣ ወጣ። ሚኒባሱ ከቆመበት ቆሟል፤ ሣርም አይግጥም፣ ወለልም አለው። ጥግ ላይ የሚጠብቀው እንየው ገና አፉን ሳይከፍት፣ "ግባ!" አለው። እንየው ሲገባ ተሳፋሪውም ተንጋግቶ ገባ፤ ወዴት ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዘንባባዎቹ መንገድ ላይ ደረሰባት። አዲሱን ጋወን ከቤት ጀምራ ለብሳው ወጥታለች፤ ደስታዋን መደበቅ መቼ ትችላለች! ነጭ ሆኖ ከኋላዋ ይውለበለባል። ይበልጣል ከኋላ ሆኖ ስንቱን ብስክሌተኛ አይቷል፤ እንዲህ ትንሽ የሆነ ሰው ግን አስፋልት ላይ አይቶ አያውቅም። አንድ ባጃጅ እጅጌዋን ታክኮ አለፈ። ከኋላ የጭነት መኪና እያጓራ ይመጣል። ይበልጣል እጁ ከልማዱ ወደ ጥሩምባው ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ መለሰው። ሚኒባሱን ከኋላዋ መኻል መንገድ ላይ አስገባ፣ አራቱንም ፍሬቻ አበራ፣ በሷ ፍጥነት መሄድ ጀመረ።

"ይቤ፣ ተበላሸች እንዴ?" አለ እንየው።

"ደህና ናት።"

"ታዲያ እንዲህ የምትነዳው ምን አይተህ ነው?"

"ልጄን።"

ተሳፋሪው ተነሣበት። "ሹፌር፣ ኧረ ሥራ አለን!" "በእግሬ ብሄድ ደርሼ ነበር!" ከኋላ ደግሞ ጥሩምባው ቀለጠ። የጭነት መኪናው ሹፌር አንገቱን አውጥቶ፣ "መንገዱን አባትህ ነው የሠራው?" አለ። ይበልጣል በስፖኪዮው አየው። "አላልፍም!" አለ። "ከፊት ልጅ አለች!"

ይኼኔ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተንጠራርተው በፊት መስታወቱ አዩ። ነጭ ልብስ። አራት ፍሬቻ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰልፍ።

"ውይ በሞትኩት! ሙሽራ ናት እኮ!"

"ማን?"

"ያቻትና! በብስክሌት! አይ የዘንድሮ ልጆች!"

"በሰኞ?" አለ አንዱ።

"ምን አገባህ በሰኞ! እልልልልል!"

እልልታው በመስኮቱ ወጣ። ሰርግ ሲሆን ባሕር ዳርን አታውቋትም፤ የማንም ይሁን፣ እልልታ ከተሰማ የኔ ነው ትላለች። የጭነት መኪናው ሹፌር እልልታውን ሲሰማ ስድቡን ዋጠ፤ ጥሩምባውም ተለወጠ፣ "ጡጥ ጡጥ፣ ጡጡጡጥ!" ከሱ ኋላ ያለውም ተቀበለው፣ ከዚያም ኋላ ያለው። ቅድም እጅጌዋን የታከከው ባጃጅ ተመልሶ ከፊት ሆነና፣ ሹፌሩ ግማሽ አካሉን አውጥቶ መንገድ ያስለቅቅላት ጀመር። አደባባዩ ላይ ትራፊኩ የአራቱን አቅጣጫ መኪና አቁሞ እጁን ወደ ኮፍያው አነሣ። ይበልጣል አፈጠጠበት፤ ደግነቱ ይኼኛው ሰው ነው።

ከአደባባዩ ወዲያ መምህር አስማረ ብስክሌታቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል። ጋቢያቸው ላይ ያ ቅባት አለ። ሚኒባሱን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ይበልጣል መስኮቱን አወረደና፣ ከጥሩምባው የራቀች አንድ እጁን አሳያቸው።

"መምህር፣ ይግቡ! ከፊቴ ይግቡ፣ ማንም አይነካዎትም!"

ሽማግሌው ጥቂት አመነቱ። ከዚያ ገቡ፣ ከሰርካዲስ ጎን። "ሚዜዋ ደግሞ ሽማግሌ!" አሉ እናትየው፣ ደግመው እልል አሉ።

ድልድዩ ላይ ሰርካዲስ ዞረች። ፊቷ ቀልቷል። "አባዬ! ምንድን ነው ይኼ ሁሉ ጉድ? እለፈኝ እንጂ!"

"ሙሽራ አይታለፍም!"

"የምን ሙሽራ?"

"ዝም ብለሽ ንጂ!" አለ ይበልጣል፣ ዐይኑን በተገለበጠው እጅጌው እየጠረገ። "ዳር አትያዢ! መኻሉን ያዢ፣ የኔ እናት፣ መኻሉን!"

መኻሉን ያዘች። ዓባይ ከታች ፈሰሰ፣ ከተማው ከኋላ ጡጥ ጡጥ አለ፣ ማዶ ደረሰች። ክሊኒኩ በር ላይ ወርዳ ብስክሌቷን አቆመች፣ ጋወኗን አስተካከለች፣ ለመምህር አስማረ እጅ ነሣች፣ ለአባቷ ደግሞ ደወሏን አንዴ "ቂልንግ" አድርጋለት ገባች። ሰልፉ ሙሽራው የታለ እያለ ተበተነ።

እንየው በሩን ይዞ ቆሟል። "ይቤ፣ የዛሬውስ አለፈ" አለው። "ነገስ ሙሽራ አይደለች፤ ማን መንገድ ይለቅላታል?"

ይበልጣል ፍሬቻውን አጠፋ።

"ነገም እንድራታለን" አለ።